የኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትና የቤተ ሙከራ ሥራ፤ ከቡሌ ሆራ አካባቢ አንጻር ሲመረመር

ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል በነበረችው በቡሌ ሆራ ከተማ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ ኬሚስትሪን የሚያስተምረው በአገር አቀፍ ደረጃ በተጣጣመ ሥርዓተ ትምህርት ነው። በዚህም መሠረት ተማሪው ከጠቅላላ ኬሚስትሪ ተነሥቶ በአናሊቲካል፣ በኢኖርጋኒክ፣ በኦርጋኒክና በፊዚካል ኬሚስትሪ በኩል ያልፋል፤ ለየዘርፉም የተግባር ትምህርት አለው። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዓቱ የተሟላ ነው። ሊመረመር የሚገባው የኮርሶቹ ዝርዝር ሳይሆን፣ በአገሪቱ ኮሌጆች ተማሪው በቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲሠራው የሚታዘዘው የሥራ ዓይነት ነው።

እንደሚታወቀው የተለመደው ሙከራ ማረጋገጫ እንጂ ምርመራ አይደለም። ተማሪው መምህሩ ያዘጋጀውን አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለካል፤ ሊያገኘው የሚገባውን ቁጥር ግን አስቀድሞ ያውቀዋል። ቁጥሩ ካልገጠመለት ስሕተቱን ከመፈለግ ይልቅ የጓደኛውን ዘገባ መገልበጥ ይቀለዋል። እንዲህ ያለው ሥራ የመሣሪያ አያያዝን ያለማምድ ይሆናል፤ መጠራጠርንና መመዘንን ግን አያስተምርም።

የጉዳዩ ክብደት የሚታወቀው ተመራቂው መምህር ሆኖ ሲመደብ ነው። ቤተ ሙከራው በተዘጋበት፣ ወይም ጭራሹን በሌለበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባ መምህር የተማረውን ከመድገም ሌላ ምርጫ የለውም፤ የተማረው ደግሞ ዝግጁ ኬሚካል ሲኖር ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዚህ መንስኤው ብዙ ቢሆንም፣ የመምህሩ ዝግጅት አንዱ መሆኑን መካድ አይቻልም። በዚያ ትምህርት ቤት ያለፈው ተማሪም ተመልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ነው።

የቡሌ ሆራ አካባቢ ግን ለምርመራ የሚሆን ነገር አላጣም። በመጀመሪያ ቡናው አለ። የዐረቢካ ቡና ካፌይን ከክብደቱ ከ100 እጅ 1 ወይም 1.5 ገደማ ነው፤ ይህን በሙቅ ውሃና በሶዲየም ካርቦኔት ለይቶ ማውጣትና መመዘን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መሠረታዊ ሥራ ነው። ሁለተኛም፣ ከያቤሎ በስተደቡብ በሚገኘው የኤል ሶድ ሐይቅ ሰዎች እየጠለቁ የሚያወጡት ጨው አለ። ከብት አርቢው በዋጋ የሚገዛው ጥቁሩ ጭቃ ስንት እጁ ጨው ነው? ጭቃውን አሟሙቶ፣ አጥልሎ፣ ክሎራይዱን በሲልቨር ናይትሬት መለካት መልሱን ይሰጣል፤ መልሱንም መምህሩ ራሱ አስቀድሞ አያውቀውም። ሦስተኛው የሻኪሶው የለገደንቢ ወርቅ ነው። ወርቅን በሳያናይድ ማሟሟት ኦክስጅንን የሚፈልግ ሲሆን፣ መርዘኛው ጋዝ እንዳይነሣም ውሁዱ በኖራ ቤዛማ ሆኖ መቆየት አለበት። ኦክሲዴሽን፣ የአሲድና የቤዝ ሚዛን፣ የኮምፕሌክስ ውሁዶች አፈጣጠር በዚህ በአንድ ሥራ ይገናኛሉ። ይህ በእርግጥ ለተማሪ እጅ የሚሰጥ ሙከራ አይደለም፤ በስሌት የሚጠና ነው። የማዕድን ማውጫው ፈቃድ በአካባቢው ሕዝብ የጤና አቤቱታ የተነሣ በ2010 ዓ.ም. ታግዶ እንደነበረ ለሚያስታውስ ተማሪ ግን ስሌቱ ባዶ ቁጥር አይሆንም።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ በየአካባቢው ከተለያየ የዲግሪው እኩልነት ይናጋል የሚል ነው። ነገር ግን የሚለወጠው ናሙናው እንጂ ዘዴው አይደለም፤ ክሎራይድን መለካት በመቀሌም በቡሌ ሆራም አንድ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ ይኸውም የአካባቢ ሀብት የሚለው ቃል የመሣሪያ እጥረትን መሸፈኛ እንዳይሆን የሚል ሥጋት ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ጨው ከኤል ሶድ ይመጣል፤ ትክክለኛ ሚዛን፣ ቡሬትና ሲልቨር ናይትሬት ግን በበጀት የሚገዙ ናቸው። ያለ እነርሱ የአካባቢው ናሙና የማሳያ ዕቃ ከመሆን አያልፍም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ለዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ መለኪያ ሰጥቷል። ሆኖም በኮምፒዩተር የሚቀርብ የምርጫ ጥያቄ የተማሪውን እጅ አያይም። ፈተናው የማይጠይቀውን ደግሞ ተማሪም መምህርም ቀስ በቀስ መተዋቸው አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ከምረቃ በፊት የራሱን የተግባር ፈተና ቢያቋቁም ይበጃል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይዘቱ ያልታወቀ አንድ ናሙና ተሰጥቶት፣ ብቻውን መርምሮ፣ ያገኘውን ቁጥርና የስሕተቱን መጠን በጽሑፍ ያስረዳ። የዕቅድ ባለሙያዎችም በጀቱን ሲደለድሉ ከሕንፃው ቁጥር አስቀድመው የሚጠይቁት፣ በአንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ስንት ተማሪ በገዛ እጁ ቡሬት ያዘ የሚለውን ቢሆን፣ ወደየትምህርት ቤቱ የሚላከው መምህር ሌላ ይሆን ነበር።