የማቻላ ትልቁ ሥራ ዋንጫ አልነበረውም

የሚላን ማቻላን የአሠልጣኝነት ዘመን በዋንጫ ብቻ ለሚመዝን ሰው ታሪኩ ኩዌት ላይ ያልቃል። ከቼኮስሎቫኪያ ብሔራዊ ቡድን ኃላፊነት በኋላ ወደ ዓረብ ሀገር የተሻገረው ይህ ቼካዊ ኩዌትን ይዞ በ1996 እና በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የገልፍ ዋንጫን በተከታታይ አነሣ። በ1996ቱ የእስያ ዋንጫም አራተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ የያዛቸው የባሕረ ሰላጤው ብሔራዊ ቡድኖች ግን ዋንጫ አላስገኙለትም። እኔ ይህን ሚዛን አልቀበለውም። የማቻላ ችሎታም ድክመቱም ጎልቶ የሚታየው ዋንጫ ባላነሣባቸው በኦማንና በባሕሬን ነው።

ሳውዲ ዓረቢያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ እሱም ብዙ አልቆየም። በኦክቶበር 2000 ሊባኖስ ላይ በተካሄደው የእስያ ዋንጫ ሳውዲዎች በመጀመሪያው ጨዋታ በጃፓን 4ለ1 ተሸነፉና አሠልጣኙ ወዲያው ተሰናበተ። ናስር አል ጆሃር ያንኑ ቡድን ተረክቦ እስከ ፍጻሜ ወሰደው፤ እዚያም በጃፓን 1ለ0 ተረታ። ስንብቱ ትክክል ነበር ለሚሉ ይህ ጥሩ ማስረጃ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ያዘጋጀው ሰው በአንድ ቀን ሽንፈት መባረር አልነበረበትም።

ኦማን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኦማን ለረጅም ዓመታት ከገልፍ ዋንጫ ግርጌ የማይጠፋ፣ ጎረቤቶቹ ሦስት ነጥብ የሚቆጥሩበት ቡድን ነበር። በኦክቶበር 2003 ይኸው ቡድን በማቻላ እየተመራ በእስያ ዋንጫ ማጣሪያ ሙስካት ላይ ደቡብ ኮሪያን 3ለ1 አሸነፈ። ኮሪያ ከዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከደረሰች ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሞላትም። በ2004 ደግሞ ኦማን በአሠልጣኝ ዚኮ የሚመራውን የጃፓን ቡድን ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስቱንም በተመሳሳይ ውጤት፣ 1ለ0 ተሸነፈ። ሳይታማ ላይ የተቆጠረችው ግብ የመጣችው በባከነ ሰዓት ነበር። በዚያው ዓመት የእስያ ዋንጫ ኢራንን 2ለ0 ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻው ደቂቃ አቻ ተደረገ። በዲሴምበር ዶሃ ላይ በገልፍ ዋንጫ ፍጻሜ ከባለሜዳዋ ኳታር ጋር 1ለ1 ተለያይቶ በመለያ ምት ወደቀ።

እነዚህን ውጤቶች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው የአሠልጣኙ እጅ ግልጽ ነው። ተጫዋቾቹ ተጠጋግተው ይከላከላሉ፣ ኳስ ሲነጥቁ በፍጥነት ይወጣሉ፣ ከእነሱ የሚበልጥ ቡድን ሲገጥማቸው አይደነግጡም። ድሮ አራትና አምስት ግብ ይቆጠርበት የነበረ ቡድን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ መቆየትን ለመደ።

እርግጥ ነው፣ ምስጋናው ሁሉ የእሱ ብቻ አይደለም። ኦማን በ1995 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አራተኛ የወጣች ሀገር ናት፤ የወጣቶች ሥራው ከእሱ በፊት ተጀምሯል። ግብ ጠባቂውን ዓሊ አል ሐብሲን ያገኘውም እንግሊዛዊው የበረኞች አሠልጣኝ ጆን በሪጅ ነው። የማቻላ ድርሻ እነዚህን ልጆች ትልልቆቹን የማይፈራ የአዋቂዎች ቡድን ማድረጉ ነው፤ ያ ደግሞ ትንሽ ሥራ አይደለም። በ2009 አል ሐብሲና ጓደኞቹ ሙስካት ላይ የገልፍ ዋንጫን ሲያነሡ በአሠልጣኝ ወንበር ላይ የተቀመጠው ፈረንሳዊው ክሎድ ለርዋ ነበር። ማቻላ በዚያ ጊዜ የባሕሬን አሠልጣኝ ነበር። የዚያ ዋንጫ ግማሹ የእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባሕሬን ላይ የጨበጠው ዕድል ከሁሉም የበለጠ፣ ትችቴም የጠነከረው እዚያው ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ሪያድ ላይ፣ በአንድ ጨዋታ ካሰናበተው ከዚያው የሳውዲ ብሔራዊ ቡድን ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመልስ ጨዋታ ቀረበ። ማናማ ላይ 0ለ0 ተለያይተዋል። ሳውዲዎች ቀድመው አገቡ፤ ናይጄሪያ የተወለደው አጥቂ ጄይሲ ጆን አቻ አደረገ።   መደበኛው ሰዓት አልቆ ሐማድ አል ሞንታሻሪ ለሳውዲ ሁለተኛውን ሲያስቆጥር ስታዲየሙ ተናወጠ። ሁለት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ እስማኤል አብዱልለጢፍ በግንባሩ ገጭቶ 2ለ2 አደረገው፤ ባሕሬን ከሜዳ ውጭ ባገባችው ግብ ብልጫ አለፈች። የኦማን ልጆች በባከነ ሰዓት ያጡትን ማቻላ በባሕሬን ልጆች አገኘው።

ወደ ዓለም ዋንጫው ለመድረስ የቀረችው ተጋጣሚ ኒውዚላንድ ነበረች። በኦክቶበር ማናማ ላይ ዳግመኛ 0ለ0። በኖቬምበር 14 ዌሊንግተን ላይ ከ35 ሺህ በላይ ሰው በተገኘበት ሮሪ ፋሎን ከዕረፍት በፊት ከማዕዘን ምት በግንባሩ አስቆጠረ። ከዕረፍት መልስ ባሕሬን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ሰይድ ሙሐመድ አድናን መታ፣ ማርክ ፓስተን ያዘበት። አንዲት ግብ ባሕሬንን በሪያዱ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ታደርሳት ነበር፤ አልመጣችም።

ጥፋቱን በአድናን እግር ላይ መጣል ቀላል ነው። ያልተከፈለው ዕዳ ግን የማናማ ነው። ባሕሬን በአራቱ ወሳኝ ጨዋታዎች አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ያገባቻቸው ሁለት ግቦችም ሁለቱም ሪያድ ላይ የገቡ ናቸው፤ በሜዳዋ ሁለት ጊዜ ተጫውታ አንድም አላስቆጠረችም። ከብርቱ ቡድን ጋር አንገት ለአንገት መቆየትን ለኦማን ያስተማረው ያ ጥንቃቄ፣ ከባሕሬን ብዙም ከማይበልጥ ቡድን ጋር በገዛ ሜዳው ሲጫወት መላላት ነበረበት። ለኒውዚላንድ በማናማ የተሰጠው ክብር ከልክ ያለፈ ነበር፤ የኒውዚላንዱ አሠልጣኝ የሪኪ ኸርበርት ልጆች ወደ ቤታቸው የተመለሱት አንዲት ግብ ብቻ እንደሚበቃቸው አውቀው ነው።