ስለ ጦርነት ቤተ መዘክርና ስለ ጋፋት

የጦርነት ታሪክ የሚታይበትን ስፍራ ሊጎበኝ የሚወድ የአንበሳሜ ሰው፣ ሩቅ አገር ከመሄዱ በፊት በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘውን ጋፋትን ቢያይ ይበጀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ሌሎችን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው የሚባለው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወራት በፈጀ ጉዞ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል።

በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያ የመድፉን መልክ ያሳያል፤ ድካሙን ግን አያሳይም። የዚህ መድፍ ታሪክ ከብረቱ ይልቅ በመንገዱ ላይ ነውና። ገደሉን የደለደለው፣ ዐቀበቱን በገመድ የጎተተው ሕዝብ ስሙ በየትኛው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል? ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንኳ በመንገድ ሥራው በእጃቸው ይሠሩ ነበር።

መቅደላን ድል ያደረገው ሠራዊት ወገን ደግሞ ሌላ ልማድ አሳይቶናል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሬሳ የተቆረጠው ጠጉር በለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለብዙ ዘመን ተቀምጦ፣ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። የሰው ገላ ከምርኮ ዕቃ ጋር የሚቆጠርበትን አሠራር ታሪክ ማቆየት ብሎ መጥራት ያስቸግራል። (በነገራችን ላይ፣ ከመቅደላ የተዘረፉት ብዙ የብራና መጻሕፍት ገና በእንግሊዝ አገር ናቸው።)

እኛም ጠመንጃና ጎራዴ በመስታወት ሣጥን መደርደር ብቻ ከሆነ ዓላማችን፣ ያንኑ ልማድ በትንሹ መቅዳታችን ነው። በጋፋት ለጎብኚ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ከዚያ እስከ መቅደላ የተጠረገው መንገድ ካርታ ነው።