የተደበቀው ኦ

ሰውዬው ሦስት ወረቀት ይዞ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆመ። የእሱ ኤ፣ የባለቤቱ ቢ፣ የልጁ ኦ ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ከኤና ከቢ ኦ ይወለዳል ወይ?» አለኝ።

ይወለዳል። ለደም ዓይነት ሁላችንም ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ጂን እንወርሳለን፤ ቦታው 9ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። የኤው ጂን ቀይ የደም ሴል ላይ አንድ ዓይነት ስኳር የሚለጥፍ ኤንዛይም ያስገኛል፤ የቢው ሌላ ስኳር የሚለጥፍ። የኦው ብዙውን ጊዜ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ስለጎደለችው ኤንዛይሙ አይሠራም፣ ምንም አይለጥፍም። ከኤ ጋር ሲጣመር ደሙ ኤ ይባላል፤ ኦው ግን አለ፣ ለልጅም ይተላለፋል። ኤውም ቢውም ኦ ይዘው ከተጋቡ አራቱም የደም ዓይነት ከአንድ ጎጆ ሊወጣ ይችላል፤ ኦ ለመወለድ በየእርግዝናው ከ4 አንድ ዕድል አለ።

እኔ ሰማያዊውን የአንቲ ኤና ቢጫውን የአንቲ ቢ መመርመሪያ ፈሳሽ ነጩ ሰሌዳ ላይ ከደም ጋር ቀላቅዬ ሳወዛውዝ የማየው መጓጎሉን ነው። የተደበቀውን ዓይን አያየውም። ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ለይቶ ቪየና ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ የውርሱን መንገድ በትክክል ያስቀመጠው ግን በ1924 የሒሳብ ሊቁ ፌሊክስ በርንስታይን ነው፣ ቁጥር ይዞ። ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከኤቢ ወላጅ ኦ ልጅ ሲገኝ ነገሩ ይከብዳል፤ በተለመደው ሕግ አይሆንምና። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ አራስ ሕፃን ደም ኦ ብዬ ጻፍኩ፣ በመስኮቱም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አባትየው ኤቢ ነው፤ ደም ለጋሽ ስለነበር ሕጉን ያውቃል። ዞሮ ሚስቱን አያት። በማግስቱ በቲዩብና በሴንትሪፊውጅ ስደግመው ልጁ ኤ ነው። የአራስ ደም መጓጎሉ ደካማ ነው፤ ቸኩዬ አላየሁትም። በዚያች ሌሊት እዚያ ቤት ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ከዚያ ወዲህ ከወላጆች ጋር የማይገጥም ውጤት ሳገኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት አዲስ ናሙና እወስዳለሁ፣ ስሙን ከቲዩቡ ጋር አመሳክራለሁ፣ ሌላ ባለሙያ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። አባትነት ከተጠየቀም መልሱ ያለው ዲኤንኤ ምርመራ ዘንድ ነው እንጂ እኔ ሰሌዳ ላይ አይደለም።

ለሰውዬው ወረቀቱ ጀርባ ላይ አራት ሳጥን ሣልኩለት፤ ኤቢ፣ ኤኦ፣ ቢኦ፣ ኦኦ። የመጨረሻዋን በጣቱ እየነካ ደጋግሞ አያት። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።