ተኳሹ በገዛ መድፉ ፊት፦ ስለ «ያርስ ሪቬንጅ»

ስለ ቀደምት የቪዲዮ ጨዋታዎች የሚጽፉ ሐያስያን «ያርስ ሪቬንጅ»ን ባነሡ ቁጥር፣ የጀግናው ዝንብ የያር ስም ከአታሪ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ከሬይ ካሳር ስም ተገልብጦ መውጣቱን፣ ደራሲው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው የስሙን መነሻ ፊደላት በጨዋታው ውስጥ መሰወሩን፣ ከካሴቱም ጋር በሥዕል የተተረከ መጽሔት መታደሉን ደጋግመው ይተርኩልንና፣ ጨዋታውን ራሱን ሳይመረምሩ ያልፉታል። በአሶሳ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፎ እግር ኳስ የሚጫወት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣን ሥራ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ዐውቀነዋል ብለው መወድስ የሚደረድሩለት ግን ያመሰገኑት አፈ ታሪኩን እንጂ ጥበቡን አይደለም።

ለዋርሾው በመጀመሪያ የታዘዘለት ሥራ ሲኔማትሮኒክስ በ1980 ያወጣውን «ስታር ካስል» ለአታሪ 2600 እንዲስማማ አድርጎ መመለስ ነበር። መሣሪያው የነበረው ጊዜያዊ ማኅደር 128 ባይት ብቻ፣ በአንድ መስመር ላይ ሊሥላቸው የሚችላቸውም ተንቀሳቃሽ አካላት ሁለት ተጫዋቾች፣ ሁለት ጥይቶችና አንዲት ኳስ ብቻ ስለ ነበሩ፣ እርሱ የተጎሳቆለ ቅጂ ከማቅረብ ይልቅ መርሑን ብቻ ይዞ ሌላ ጨዋታ ለመፍጠር ጠየቀ። የበርታ ዋዛ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንዲት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ ተራቸውን ጠብቀው እየገቡ ምሉዕ ዜማ ሲያወጡ ለሰማ ሰው፣ ከእንዲህ ያለ ድህነት ኅብር ማውጣት ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ ማስረዳት አያሻም።

የብልሃቱ ፍሬ መድፉ ነው፤ ስለዚህም በእርሱ ላይ ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 በደረሰው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ተጫዋቹና መድፉ አንድ አካል ናቸው፤ ምሽጉም የተጫዋቹ ነው፤ ጥይቱም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ተኳሹን አያሠጋውም። ዋርሾው ይህን ሥርዐት ሁሉ ገለበጠው። ምሽጉ ኮታይል ለተባለው ጠላት ተሰጠ፤ ያር ያን ምሽግ እየቆረጠመ ኃይል ባገኘ ጊዜ፣ የዞርሎን መድፍ ከበስተ ኋላው በቴሌቪዥኑ መስኮት ግራ ዳር ይገለጥና፣ እርሱ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ ይከተለዋል። ያር መድፉን የሚያነጣጥርበት ሌላ መሣሪያ የለውምና ማነጣጠሪያው የገዛ ሥጋው ነው፤ ጥይቱም በወጣ ጊዜ በዚያው በቆመበት መስመር ስለሚመጣ፣ ፈቀቅ ካላለ የሚገድለው የራሱ መድፍ ነው። የሚያሳድደው ዝግተኛ ሚሳይልም በዚያች ቅጽበት እንኳ ዕረፍት አይሰጠውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ለመግደል ራሱን በሞት መስመር ላይ ማቆም፣ ወዲያውም ከዚያ መስመር መሸሽ ግድ ይሆንበታል፤ በዚያ ዘመን ከወጡ የሕዋ ውጊያ ጨዋታዎች መካከል በቀልን እንዲህ ባለ ፍትሕ ያስከፈለ ሌላ አላየሁም።

በመስኮቱ መካከል ያለው ገለልተኛ ቀጠና ከሚሳይሉ ይሰውራል፤ ሆኖም ያር በዚያ ሳለ የራሱን ጥይት መተኮስ አይችልም። የቀጠናው ኅብረ ቀለም ከጨዋታው ከራሱ ኮድ የተቀዳ መሆኑን ሐያስያኑ እንደ ረቂቅ ምሥጢር ይሰብኩታል፤ እኔ ግን በ4 ኪሎባይት ውስጥ ቦታ ላጣ ሰው የመጣለት መልካም ቁጠባ ነው ከማለት አላልፍም። ይልቅስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማያቋርጠው ጉምጉምታ፣ ማንም ብዙ ያልጻፈለት፣ ልብን ይይዛል።

ኮታይል ወደ ሽክርክሪት ተለውጦ በመንበሩ ሳለ ለመታው 2000 ነጥብ ይቆጠርለታል፤ እስኪወነጨፍ ታግሦ በአየር ላይ ለመታው ግን 6000 ነጥብና አንድ ተጨማሪ ሕይወት ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ትዕግሥትና ድፍረት በአንድ ሚዛን ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ዙር ግን ያስቆጣኛል። ምሽጉ በተራ የሚሽከረከሩ ጡቦች ስለሚሆን፣ ተጫዋቹ በትጋት የከፈተው ቀዳዳ ከፊቱ እየሸሸ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ዙር የተማረው ጥንቃቄም ከንቱ ሆኖ ዕድል ይነግሣል። ከዚያም ወዲያ ሁለቱ ዙሮች እየተፈራረቁ ይፈጥናሉ እንጂ አዲስ አሳብ አያመጡም። ዋርሾው በዚያው በ1982 «ኢ.ቲ.» የተባለውን ጨዋታ በአምስት ሳምንት ጥድፊያ እንዲጨርስ መገደዱ ለዚያ ሥራ ጉድለት በቂ ምክንያት ይሆነዋል፤ ለዚህኛው ግን ወራት ተሰጥተውት ነበር።