የዘርአ ያዕቆብ ስም በሐተታው ክርክር

ዘርአ ያዕቆብ የሚለው ስም በታሪክ መጻሕፍት እጅግ የታወቀ ቢሆንም፤ በክርስትና ስምነቱ በገብረ፤ በወልደና በተክለ የሚጀምሩትን ያህል የተዘወተረ አይደለም። ወገኖቹ ዘርአ ዳዊት፤ ዘርአ ጽዮን፤ ዘርአ ብሩክ ናቸው። ዘርእ በግዕዝ ዘርም ትውልድም ማለት ነው፤ ሲናበብ ዘርአ ይሆናል። በዕብራይስጥና በዓረብኛ የሥሩ መጨረሻ ዐይን ነው፤ ግዕዝ ግን አልፍ አድርጎታል። ስለዚህ ብዙዎች «ዘርዐ» እያሉ መጻፋቸው ከልማድ የመጣ እንጂ ከቋንቋው ሥርዐት የተገኘ አይደለም።

ሐረጉ በመዝሙረ ዳዊት 21 (በዕብራይስጡ 22) የእስራኤል ሕዝብ መጠሪያ ሆኖ ይገኛል፤ ትርጓሜውም የያዕቆብ ልጅ ከማለት ይሰፋል። ከእስራኤል ነገሥታት እንወለዳለን ለሚል ሥርወ መንግሥት የሚስማማ ስም ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ንጉሥም በዙፋን ስሙ ቈስጠንጢኖስ ሲባል ሳለ የሚታወሰው በዚህ ስም ነው።

ክርክሩ የሚበረታው ስለ «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» ነው። ባለ ታሪኩ በንጉሥ ያዕቆብ ዘመን ነሐሴ 25 ቀን በአክሱም አገር እንደ ተወለደ፤ የክርስትና ስሙ ዘርአ ያዕቆብ፤ ሰዎች የሚጠሩበት ስሙ ወርቄ እንደ ሆነ መጽሐፉ ይናገራል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ብራናውን ለአንቷን ዳባዲ የላከው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክሎድ ሳምነር ተቃወመው፤ አናይስ ቪዮን በ2013 ክሱን አደሰችው። ከማስረጃዎቹ አንዱ የመነኩሴው የልጅነት ስም ያኮፖ፤ ማለትም ያዕቆብ መሆኑ ነው።

ይህ ብቻውን ደካማ ነው። በንጉሥ ያዕቆብ ዘመን ለተወለደ ሕፃን፤ ያውም ንጉሥ አስቀድሞ ለተጠራበት ስም፤ ኢጣልያዊ ምክንያት መፈለግ አያሻም። የልደቱ ቀን ግን ከባድ ነው። ጁስቶ የተወለደው ኦገስት 30 ቀን 1814 ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነሐሴ 25 ቀን 1806 ዓ.ም. ነው። ስሙን ልማድ ሊያስገኘው ይችላል፤ ቀኑን ግን አያስገኘውም።

ወርቄ የሚለውን ለተከላካዮቹ ምስክር አድርጎ ማቅረብም አያዋጣም። የክርስትናና የዓለም ስም መለየቱ እውነተኛ የአገር ልማድ ነው፤ ነገር ግን በአገሩ ዓመታት የኖረ፤ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ያዘጋጀ ሰው ይህን ልማድ አያውቅም ማለት አይቻልም።