ስለ ግልገል ዐባይ ስም የተሰጡ ትርጓሜዎች ሲመረመሩ

ግልገል ዐባይ በጎጃም፥ በሰከላ ምድር፥ ከግሽ ተራራ ግርጌ 2,700 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ይፈልቃል፤ ወደ ሰሜንም ወርዶ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ገባሮች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው። ታላቁ ዐባይ ከሐይቁ የሚወጣው ግን በባሕር ዳር አጠገብ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ወንዞች አንድነት በዓይን የሚታይ ሳይሆን፥ ወንዙ ከሐይቁ ውሃ ሳይቀላቀል ያልፋል በሚለው ትውፊትና በስማቸው የጸና ነው።

ስለዚሁ ስም የሚነገሩት ትርጓሜዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው «አብ» ከሚለው አውጥቶ «የወንዞች አባት» ይላል። ይህ ለጆሮ ቢጥምም፥ በግእዝ የ«አብ» መነሻ አልፍ ሲሆን የ«ዐቢይ» ግን ዐይን ነው፤ «ይ» የምትለው መድረሻ ከወዴት እንደ መጣችም አያስረዳም። ሁለተኛው «ሐሰተኛ» ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር ያዛምደዋል። ይህኛው «አባይ» ግን «ከፈለ» ብሎ «ከፋይ» እንደሚባል፥ «አበለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ከወንዙ ስም ጋር ድምፅ እንጂ ሥር አያገናኘውም። ሦስተኛው የግእዙን «ዐቢይ» ይጠቅሳል፤ የዚህ ቃል የአንስት ቅጽል «ዐባይ» ስለ ሆነ፥ ከሦስቱ በሰዋስው የሚቆም ይህ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የሰዋስው መስማማት ብቻውን የታሪክ ምስክር አይሆንም። ሰከላ የአገው ምድር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፥ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ ምንጩን አይተዋል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የፓኤዝን ቀዳሚነት ቢክድም፥ አገዎች ለምንጩ ያቀርቡት የነበረውን ክብር ራሱ መዝግቧል። እንግዲህ ሁለቱም የደረሱበት ስፍራ አስቀድሞ የሚታወቅና የሚከበር ነበር፤ በቀዳሚነት የተነሣው ክርክር ግን የምንጩን ባለቤቶች ወደ ጎን ትቷል። የወንዙን ስም በግእዝ ብቻ የሚፈታም ሰው ሳያውቀው ያንኑ ይደግማል።

ስለ «ግልገል» ግን ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ቃሉ የበግና የፍየል ልጅ ማለት ስለ ሆነ፥ እናቲቱ አስቀድማ ካልተሰየመች ልጅቱ አትሰየምም። ውሃው ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ይህ ስም ግን ከታላቁ ወንዝ ተነሥቶ ወደ ምንጩ የወጣ ይመስላል። ይህን አጽንቶ ለመወሰን ከመዝገበ ቃላት በፊት የአዊን ሽማግሌዎች መጠየቅ፥ እነርሱ በቋንቋቸው ለምንጩ፥ ለጅረቱና ለተራራው የሚሰጡትን ስም ለየብቻ መሰብሰብ ይገባል።