ከብት ጠባቂው ያየው፦ ግዴታና ሥዕል በጋምቤላ

ሠዓሊን ስለሚያነሳሳው ነገር ስንጽፍ የዕለት ግዴታን ጠላት ማድረግ ይቀናናል። ሠዓሊው ከደመወዝ ሥራው፣ ከልጆቹና ከቤት ኪራዩ ሲያመልጥ ብቻ የሚሥል ይመስለናል። የሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ እንኳን ይህን አይደግፍም፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ስለነበር ልጁ ሥዕልን መጀመሪያ ያወቀው የአባት የዘወትር ሥራ ሆኖ ነው። ጋምቤላ ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል።

እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ጄረሚ ኩት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ በጋምቤላም የሚኖሩትን ኑዌሮች ጨምሮ የናይል ተፋሰስ ከብት አርቢዎች የሥዕል ወግ ባይኖራቸውም የውበት ዓይን የላቸውም ማለት ግን ከንቱ ነው ሲል ተከራከረ። ዓይኑን የሚያሠለጥነው ከብቱ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 በታተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ኑዌሮች ቀለምን ከቀለም፣ ነቁጥን ከመስመር እያጣመሩ የከብት መልክን በመቶዎች በሚቆጠሩ ስሞች ይለያሉ። አንዱ በሬ በነብር፣ ሌላው በአዞ ይጠራል። ቡሬና ዳለቻ እያለ ላደገው የደጋ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የስፋቱ መጠን ግን ያስደንቃል። ወጣቱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በሬ ይሰጠዋል፤ ራሱም በበሬው መልክ ይጠራል።

ኩት ትክክል ነው፤ ግን ዓይኑን ሲያወድስ እጁን አሳነሰው። በላሬና በጂካዎ ሜዳ ጥጃ የሚጠብቅ የኑዌር ልጅ ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ ቀንዱን ያስረዝማል፣ ሻኛውን ያጎላል። ጥበቃው የሚመለከተውን በሬ፣ የሚያድቦለቡለውን ጭቃና የሚያባክነውን ረጅም ቀን በአንድ ላይ ይሰጠዋል። ከሥራው ቢሸሽ ኖሮ በሬውም አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው የኩት ጉድለት የከፋ ነው። ሁሉም ነገር በከብት ከተለካ አኙዋክ የት ይገባል? አኙዋክ የኑዌር የቋንቋ ዘመድ ቢሆንም በዋናነት በባሮና በሌሎች ወንዞች ዳር በቆሎና ማሽላ የሚያመርት፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሕዝብ ነው። በቤቶቹ ግድግዳና በር ላይ ግን የእንስሳትና የጂኦሜትሪ ቅርጾች ተቀርጸው ይታያሉ። ጭቃው ሲለሰን ያልተቀረጸ ነገር ከደረቀ በኋላ አይቀረጽም፤ ስለዚህ እዚህ ሥዕሉ የሚሠራበትን ሰዓት የሚወስነው የቤት ሥራው ነው። መነሳሳት እስኪመጣ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም።

የክርክሬ ፈተና ያለው በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ውስጥ ነው። ቴርኪዲና ኩሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈቱ ወዲህ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ ብዙዎቹም ከብታቸውን ያጡ ኑዌሮች ይኖሩባቸዋል። ግዴታው ዓይኑን የሚያሠለጥን ከሆነ፣ ጥጃ ጠብቆ የማያውቅ የኩሌ ልጅ ጭቃ ሲይዝ ምን ይሠራል? አሁንም በሬ ከሠራ የአያቱ ዘፈንና ወሬ ከመንጋው ይበልጣል ማለት ነው፤ ያኔ የኩት ሐሳብም የእኔም መታረም አለበት።

የኢትዮጵያን ሥዕል ታሪክ የምናስተምረው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተነስተን በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በኩል እያለፍን ነው፤ ምዕራቡን ቆላ አንረግጠውም። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የአለ ተማሪዎች ሆይ፣ የጭቃ በሬው በዝናብ ሳይፈርስ፣ ግድግዳው እንደገና ሳይለሰን ፎቶ አንሱ፤ የሠሪዎቹንም ስም መዝግቡ።